ሁለት ወንበርና አንድ ሸራ፦ በክፍት መኪና እስከ ሐይቅ

እሷ፦ አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እኔና ወንድሜ ባለፈው ኅዳር ስላደረግነው ጉዞ እናወራለን። ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ ደግሞ ሐይቅ ከተማ። መንገዱን ብዙዎቻችሁ በአውቶቡስ ታውቁታላችሁ። እኛ የሄድነው ግን ሁለት ወንበር ብቻ ባላት፣ ጣሪያዋ ሸራ በሆነ መርሰዲስ ነው።

እሱ፦ መኪናዋ የእኛ እንዳልሆነች አስቀድሞ ይነገር። የአባታችን ወዳጅ የሆኑ አንድ የደሴ አዛውንት ናቸው ባለቤቷ። ዓይናቸው ሲደክም መንዳት ትተው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ መኪናዋ አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ተሸፍና ቀረች። አንድ ቀን ደወሉልንና «ልጆቼ፣ መኪናዬን አምጡልኝ። ባልነዳትም ደጄ ትቁም» አሉን።

እሷ፦ ምን ዓይነት መኪና እንደሆነች ንገራቸው። ይህን ካላስወራሁህ ሌላውን አታስጨርሰኝም።

እሱ፦ 280 ኤስ ኤል ነው የምትባለው። መርሰዲስ ይህን ትውልድ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1989 ድረስ አምርቶታል፤ አሥራ ስምንት ዓመት ማለት ነው። ለአንድ ሞዴል ረጅም ዕድሜ ነው። ሞተሯ ስድስት ሲሊንደር፣ 2.8 ሊትር። ይህ ሞተር በዚያው ዘመን በነበሩት ባለ አራት በር መርሰዲሶች ላይም ተገጥሟል። ስለዚህ የድሮ መርሰዲስ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ መካኒክ ኮፈኗን ሲከፍት እንግዳ ነገር አይገጥመውም። የቸገረን የሞተር ዕቃ አልነበረም። የሸራው ጠርዝ ላስቲክ ነበር፤ እሱን ለማግኘት ሦስት ወር ፈጀብን።

እሷ፦ ያለ እሱ ደግሞ ዝናብ ጭናችን ላይ ነበር የሚወርደው።

እሱ፦ አዎ። እንዲህ ያለች መኪና የሚመኝ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። አሁን ያለው አገር ውስጥ የቀረው ብቻ ነው። የቀረውን መጠበቅ የእኛ ድርሻ ነው ብዬ አምናለሁ።

እሷ፦ እኔ መጀመሪያ ሐሳቡን አልወደድኩትም ነበር። ለወሎ መንገድ ላንድክሩዘር እንጂ ይህች ምን ትሠራለች አልኩት። ዝቅ ያለች ናት፤ ሻንጣ አትይዝም፤ አቧራው አለ። ከመነሳታችን በፊት በመንገዱ የሚመላለሱ ሾፌሮችን ጠይቀን፣ ሰላም መሆኑንና ነዳጅ የት እንደሚገኝ አረጋግጠን፣ በሌሊት ላለመንዳት ተስማምተን ወጣን። ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ሸራው ተዘግቶ ነበር፤ ብርዱ ሌላ ነው።

እሱ፦ ጣርማ በር ላይም አልከፈትነውም። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ከዚያም ጣሊያን የሠራው ዋሻ አለ። በዋሻው ውስጥ ከከባድ መኪና ኋላ የተከተለ ሰው ለምን እንዳልከፈትነው ያውቃል። ሞተሯም እዚያ ትደክማለች። አየሩ ስለሚሳሳ፣ ባሕር ጠለል ላይ 185 የፈረስ ጉልበት የነበራት መኪና ከጉልበቷ ሲሶ የሚጠጋውን ታጣለች። ዳገቱን ስንወጣ ሲኖትራክ ቀድሞ እንዲያልፍ መንገድ ለቀቅንለት።

እሷ፦ እዚህ ላይ የቁልቁለቱን ነገር ተናገር፤ ለሁሉም መኪና ይጠቅማል።

እሱ፦ ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ቁልቁለት ወደ 1,900 ሜትር ዝቅ ያደርጋል። ያን ሁሉ በፍሬን ብቻ መውረድ ፍሬኑን ማቃጠል ነው። ሸራው ግለት ይፈጥራል፤ ፔዳሉ ይረዝማል፤ በመጨረሻም ጭራሽ አይዝም። ማርሹን ዝቅ አድርጎ መኪናውን በሞተሩ ማስያዝ ያስፈልጋል። የድሮ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ፤ ልክ ናቸው።

እሷ፦ አድማጮቼ እንዳትደናገሩ፣ አሁን ሸራ ያለው የፍሬን ሸራውን ነው። የጣሪያውን ሸራ የከፈትነው ከሚሴን አልፈን፣ ጨፋ ሜዳ ስንደርስ ነበር።

እሱ፦ ሁለት መያዣ ፈትተህ ወደ ኋላ ታጥፈዋለህ፤ ከወንበሩ ጀርባ ባለ የብረት ክዳን ሥር ይገባል። ሁሉም በእጅ ነው። ሲለመድ አንድ ደቂቃ ብዙ ነው።

እሷ፦ ያን ጊዜ ነው ሐሳቤ የተለወጠው። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ! ጨፋን ግን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ማሽላው ደርሷል። ልጆቹ ማማ ላይ ቆመው ወፍ ያባርራሉ፤ ወንጭፋቸው ሲጮህ ይሰማል። አንዱ ይጮኻል፤ ከማዶ ያለው ይቀበለዋል። ከብቱ ወደ ውኃ ይወርዳል፤ የእበቱ ሽታ፣ የእርጥብ ሣሩ ሽታ፣ ከአንድ ቤት ደግሞ የሚጠበስ እሸት። በአውቶቡስ መስኮት ይህ ሁሉ ሥዕል ነበር። አሁን ውስጡ ገባን።

እሱ፦ አንቺ እትዬ ያን ጊዜ ዝም አልሽ። አንቺ ዝም ስትዪ እኔ እጨነቃለሁ።

እሷ፦ እያዳመጥኩ ነበር።

እሱ፦ ስለ ነፋሱ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። ከፊት የሚመታ ይመስላቸዋል። ከፊት ያለውን የፊት መስታወቱ ያሳልፈዋል፤ ነገር ግን ከመስታወቱ ኋላ አየሩ ስለሚሳሳ፣ በላይ ያለፈው ነፋስ ዞሮ ከጀርባ ይመጣል። ማጅራትህን ነው የሚይዘው። ስለዚህ የጎን መስታወቶቹን ወደ ላይ መዝጋት፣ ማጅራትን በሻሽ ወይም በነጠላ መሸፈን፣ በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር አለማለፍ። በዚህ ፍጥነት ድምፅ ሳንጨምር እናወራ ነበር።

እሷ፦ ፀሐዩንም አትርሳ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሚያቃጥለው ጨረር ይጨምራል፤ ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ ደግሞ መቃጠልህን አታውቀውም። እኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ከአሥር ሰዓት በኋላ ነበር የምንከፍተው። እኩለ ቀን ላይ ሸራው ይዘጋል።

እሱ፦ አሁን ሐርቡ ልንደርስ ስንል የሆነውን አንቺ ተናገሪ።

እሷ፦ እሺ። አንዲት እናት መንገድ ዳር ቆመዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። እጃቸውን አነሱ። በወሎ መንገድ ሰው እጅ ሲያነሳ ማለፍ ይከብዳል፤ እዚያ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ቆምን። «ልጆቼ፣ ሐርቡ ለቅሶ አለብኝ፤ ተሽከርካሪ አጣሁ» አሉ። ከዚያ መኪናዋን አዩ፤ ሁለት ወንበር፣ ሁለታችንም ተቀምጠናል። «አብሽሩ፣ ሂዱ፣ ሌላ ይመጣል» አሉን እሳቸው እኛን ሊያጽናኑ።

እሱ፦ እኔ ያን ጊዜ ነው የዚህችን መኪና ጉድለት በደንብ ያየሁት። ዋጋዋ፣ ዝቅታዋ፣ መለዋወጫዋ አይደለም ጉድለቷ። ለሦስተኛ ሰው ቦታ የላትም። በእኛ አገር ይህ ከባድ ነገር ነው። እንግዳ የማይቀመጥበት ቤት እንደ መሥራት ነው።

እሷ፦ ወርዶ ወንበሩን ሰጣቸው። «እዚህ ጥላ ሥር እጠብቃለሁ፤ አድርሰሻቸው ነይ» አለኝ። እሳቸውም እንቢ አሉ፤ እሱም እንቢ አለ፤ በመጨረሻ ተቀመጡ። መንዳት ልጀምር ስል ግን እጄ ቆመ። ለቅሶ ነው የሚሄዱት። ሐዘንተኛ በተከፈተ መኪና፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እንደ ሙሽራ እንዴት ይደርሳል? እሳቸው ምንም አላሉም። ነጠላቸውን ብቻ ወደ ፊታቸው ሳቡ። ወርጄ ሸራውን አወጣሁና ዘጋሁት። ያን ጊዜ ነው የተመቻቸው፤ የሟችን ነገር ማውራት የጀመሩትም ያን ጊዜ ነው።

እሱ፦ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅኩ።

እሷ፦ ከለቅሶው ቤት ራቅ ብዬ አወረድኳቸው፤ እሳቸው ናቸው «እዚህ ይበቃል» ያሉኝ። ሲወርዱ ዱዓ አደረጉልኝ። እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ሸራውን አልከፈትነውም። ማንም አላዘዘንም።

እሱ፦ ከኮምቦልቻ በኋላ ሐረጎ አለ። ሐረጎን የማያውቅ የወሎ ሰው የለም፤ ኩርባ በኩርባ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይጨምራል። እዚያ የራዲያተሩን ሙቀት መቁጠሪያ ላይ ዓይኔን ተክዬ ነው የወጣሁት። አንድ ጊዜ ቆመን አሳረፍናት።

እሷ፦ በኩርባዎቹ ላይ የሚንቀጠቀጥ ነገር ነበር። መሪው ሥር።

እሱ፦ እሱ የጣሪያ አልባ መኪና ጠባይ ነው። ክዳኑ የተነሳ አገልግል በአንድ ጠርዙ ቢጫኑት ይጣመማል አይደል? መኪናም ጣሪያው ሲቀር እንዲሁ ነው። ሠሪዎቹ ከበሩ ሥር ያለውንና የፊት መስታወቱን ፍሬም በወፍራም ብረት ያጠነክሩታል፤ ለዚህ ነው ትንሽ መስላ ከባድ የምትሆነው። የሆነ ሆኖ በሻካራ መንገድ ላይ ትንሽ መንቀጥቀጥ አይቀርም። በየከተማው መግቢያ ላለው ጉብታ ደግሞ መኪናዋን ሰያፍ አድርጎ አንድ ጎማ ብቻ ቀድሞ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ካልሆነ ሆዷ ይፋቃል።

እሷ፦ ደሴ የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። ጦሳ ጥላውን ከተማው ላይ ጥሎ ነበር። የመኪናዋ ባለቤት ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አስቀምጠው ይጠብቁን ነበር። የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ለይተው ተነሱ። «ሦስተኛው ማርሽ ላይ ነበራችሁ» አሉን።

እሱ፦ እውነት ነበር።

እሷ፦ በማግሥቱ ሐይቅ እንውሰድዎ አልናቸው። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንደገና የሁለት ወንበር ነገር መጣ፤ አንዳችን መቅረት ነበረብን።

እሱ፦ እኔ ቀረሁ፤ ስለዚህ ይህን የሰማሁት ከእሷ ነው። ከእኔ ይልቅ እሷ ትናገረው።

እሷ፦ ገና ከግቢው ስንወጣ «ክፈችው» አሉኝ። ብርድ ነው ስላቸው «ጋቢ አለኝ» አሉ። በዝግታ ነዳሁ፤ ከ40 አላለፍኩም። ጥቂት እንደሄድን «እዚህ ባሕር ዛፍ ተቆርጧል» አሉ። አየሁ፤ በቀኝ በኩል አዲስ የተቆረጠ ግንድ ተከምሯል። ሽታው ነው የነገራቸው። ቁልቁለቱን ስንጀምር አየሩ ሞቅ አለ፤ «አሁን ወደ ወይና ደጋው ወረድን» አሉ። ወፍጮ ቤት ስናልፍ «ይህ ወፍጮ ድሮም እዚህ ነበር» አሉ። መንገድ ላይ ሰላምታ የሰጠንን ሰው ሁሉ በድምፁ ወጣት ነው፣ ሽማግሌ ነው እያሉ መለሱለት። ሲያልፉን የነበሩት በመስታወት የተዘጉ መኪኖች ግን ለእሳቸው ድምፅ ብቻ ነበሩ፤ ሰው የለባቸውም።

እሱ፦ ለምን እንዲህ ያለ መኪና ገዙ ብዬ ከዚያ በኋላ ጠይቄያቸው ነበር። ገንዘብ ለማሳየት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በሕይወታቸው ገንዘብ ሲያሳዩ አልታዩም።

እሷ፦ ምን አሉህ?

እሱ፦ «ልጅ ሳለሁ ወልዲያ የምንሄደው በጭነት መኪና ላይ ተጭነን ነበር፤ ጣሪያ የለውም። አምባሰልን፣ ውጫሌን፣ መርሳን ያወቅኩት በዚያ ነው። ካደግሁ በኋላ በተዘጋ መኪና ስሄድ አገሩ የራቀኝ መሰለኝ» አሉኝ።

እሷ፦ ይህን አልነገርከኝም ነበር።

እሱ፦ ለዛሬ አስቀምጬው ነው።

እሷ፦ ሐይቅ ስንደርስ ከውኃው ዳር አቆምኩ። እንውረድ ወይ አልኳቸው። «ቆይ» አሉ። ሞተሩን እንዳጠፋ ምልክት ሰጡኝ። አጠፋሁ። በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ደወል ይሰማል፤ ከከተማው ወገን ደግሞ የገበያ ድምፅ፤ ጀልባ የሚቀዝፍ ሰው ውኃውን ሲመታ። እጃቸውን በበሩ ላይ አውጥተው አንጠለጠሉ። ነፋሱ ከሐይቁ መጣ፤ ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ። ለረጅም ጊዜ እንዲያ ቆየን። ከዚያ «ቆሮሶ ዓሣ ሲጠበስ ይሸተኛል፤ ምሳ ሰዓት ደርሷል ማለት ነው» አሉኝ፤ በሩን ራሳቸው ከፍተው ወረዱ።