ከማኅተሙ በፊት ጉዳዩን እንይ

እንደምን አመሻችሁ። ብዙዎቻችሁ ከሥራ በቀጥታ እንደመጣችሁ ፊታችሁ ይናገራል፤ ስለዚህ አላንዛዛም።

ድርጅቶች የትኛውን ማኅበራዊ ጉዳይ እንደሚደግፉ እንዴት ይመርጣሉ? ተናገር የተባልኩት በዚህ ላይ ነው። ወረቀት ላይ መልሱ ቀላል ነው። ፖሊሲ አለ፣ ኮሚቴ አለ፣ በጀት አለ። እኔ ግን የድጋፍ መጠየቂያ ደብዳቤ የሚያርፍበት ጠረጴዛ ላይ ዓመታት ስለሠራሁ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ደብዳቤው ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ማኅተሙ ነው። የወረዳ ነው? የክፍለ ከተማ? ወይስ ከዚያ በላይ? ከፍ ካለ ቦታ ከመጣ ውይይት የሚባል ነገር የለም፣ ይከፈላል። ቀጥሎ ደግሞ ማን እንዳመጣው ይታያል፤ ከቦርድ አባላት የአንዱ ወዳጅ ከሆነ ፋይሉ እግር አውጥቶ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ የማርኬቲንግ ልጆች ይመጣሉ። ቴሌቪዥን ይኖራል? ባነራችን የት ይሰቀላል? እንግዲህ ሰኔ ሲገባና በጀቱ ሳያልቅ ሲቀር ደግሞ፣ ዓመቱን ሙሉ «ለጊዜው አልተቻለም» ስንለው የከረመው ማኅበር ሁሉ በስልክ ይጠራል። በዚህ ሁሉ መሀል «ይሄ ችግር እኛ ከምንሠራው ሥራ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይገኝም።

በበዓል ሰሞን ዘይትና ዱቄት ማደል ክፉ ነው አልልም። የተቀበሉት እናት ቤታቸው ገብተው ጋግረው ከበሉ፣ ፎቶ ተነሳንበትም አልተነሳንበትም ጠቅሟቸዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከበራችን ርቆ ያለውን ችግር መርጠን፣ እኛው ራሳችን እጃችን ያለበትን ማለፋችን።

ይሄን በደንብ የሚያሳየው የራሳችን የቡና ታሪክ ነው። በ2005 እንደ ፈረንጆቹ ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። እነዚህ ቡናዎች ውጭ አገር ሱቅ ውስጥ በውድ ይሸጣሉ፣ ለገበሬው የሚደርሰው ግን ትንሽ ነው፤ ስሙን የያዘ ደግሞ ሲደራደር ጉልበት ይኖረዋል። ያን ጊዜ ስታርባክስ፣ ትልቁ የአሜሪካ የቡና ቤቶች ሰንሰለት፣ በማኅበራዊ ኃላፊነት ስሙ የሚጠራ ኩባንያ ነበር። ቡና አምራች አካባቢዎች ላይ ለልማት ሥራ ገንዘብ ይሰጣል፣ ቡና የሚገዛበትም የሥነ ምግባር መመሪያ አለው። የስሙ ጉዳይ ሲመጣ ግን የንግድ ምልክቱን መንገድ አልወደደውም፣ ሌላ ዓይነት ምዝገባ ይሻላል ብሎ ተከራከረ። እሱ አባል የሆነበት የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበርም ማመልከቻውን ተቃወመ። የረድኤት ድርጅቱ ኦክስፋም ነገሩን አደባባይ አወጣው፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለኩባንያው ቅሬታ ላኩ፤ በመጨረሻ በ2007፣ በእኛ ሰኔ 1999 ላይ፣ ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ተፈረመ።

ሁለቱን አስተያዩልኝ። የልማት ድጋፉ ዋጋ አይነካም፣ ውል አያስለውጥም፣ ሪፖርት ላይ ደግሞ ያምራል። የስሙ ጥያቄ ግን በቀጥታ የሚሄደው ወደ ንግዱ እምብርት ነው። ኩባንያው ያንገራገረው እዚያ ላይ ነው። እኛም ብንሆን ያው ነን።

ይኸው ስታርባክስ በ2015 እንደ ፈረንጆቹ፣ ቡና ቀጂዎቹ ኩባያ ላይ ስለ ዘር ግንኙነት መልእክት ጽፈው ከደንበኛ ጋር እንዲወያዩ ዘመቻ ጀምሮ ነበር። እስቲ አስቡት፣ ጠዋት ለሥራ የሚሮጥ ሰው ወረፋ ላይ ቆሞ! ሰው ተሳለቀበት፣ ጽሑፉም በሳምንት ገደማ ቆመ።

በሌላ በኩል ሲቪኤስ አለ። ትልቅ የአሜሪካ የፋርማሲ ሰንሰለት ነው፤ አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። በ2014፣ ይሄም እንደ ፈረንጆቹ፣ ከሱቆቹ ሁሉ ሲጋራ አወጣ። በዓመት 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሽያጭ እንደሚያጣ አስቀድሞ ራሱ ተናግሯል። መድኃኒት እየሸጡ እዚያው ሲጋራ መሸጥ አብሮ አይሄድም አለ፣ አለቀ። ስሌት አልነበረበትም ብዬ አልዋሻችሁም፤ ከሆስፒታሎችና ከጤና መድን ድርጅቶች ጋር መሥራት ይፈልግ ነበር። ይሁን። ስሌቱም ሆነ ጉዳዩ ከራሱ መደርደሪያ የመጣ ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። ማርች 8 ሲደርስ ለሴት ሠራተኞች አበባ እንሰጣለን፣ ቲሸርት እናሳትማለን፣ ኬክ እንቆርሳለን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ያቺው ሠራተኛ 30 ቀን ከመውለዷ በፊት፣ 90 ቀን ከወለደች በኋላ ፈቃድ አላት። ከዚያስ? የሦስት ወር ሕፃን ማን ጋ ትታ ትመጣለች? አንድ ክፍል፣ ጥቂት ፍራሽና አንዲት ሞግዚት የሚያስፈልገው ጉዳይ ላይ «በጀት የለም» የምንለው፣ ለአበባው ግን በጀት የሚገኝልን ለምንድን ነው? ደመወዝ ካነሳን ደግሞ አገራችን ውስጥ ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። ስለዚህ ምን ያህል እንደምንከፍል የምንወስነው እኛው ነን። በ2019 እንደ ፈረንጆቹ ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የወጣው የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር እንደነበር ሲገልጽ፣ እዚያ የሚሰፋው ልብስ ስማቸው በዓለም ለታወቁ ብራንዶች ነበር።

አውቃለሁ፣ ከመሀላችሁ «የነጋዴ ሥራ ትርፍ ነው፣ ሌላው የመንግሥት ነው» የሚል አለ። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ሚልተን ፍሪድማንም በ1970 እንደ ፈረንጆቹ ይሄንኑ ጽፎ ነበር። አልስማማበትም፣ ግን አንድ ነገር ላይ ልክ ነው። ሥራ አስኪያጅ የሌላ ሰው ገንዘብ ይዞ ደግ መሆን ይቀለዋል። የትውልድ ቀበሌው መንገድ በባለአክሲዮኖች ገንዘብ ጠጠር ሲለብስ አይተናል፣ ምርቃቱ ላይም አጨብጭበናል።

እኔ የምለው ይሄን ነው። ደብዳቤ ከመቀበላችሁ በፊት አንድ ገጽ ጻፉ። ሥራችን ማንን ይጎዳል? ቆሻሻችን የት ይወርዳል? እኛ ጋ ሲሠራ የሚውል ሰው በደመወዙ ወሩን ይዘልቃል? ከዚያ ውስጥ አንዱን ምረጡና ቢያንስ ሦስት ዓመት አትቀያይሩት። ከላይ ማኅተም ያለበት ሲመጣ መክፈላችሁ አይቀርም፣ ልጅ አይደለሁም፤ ብቻ እሱን መዋጮ ብላችሁ ለብቻው መዝግቡት።

እዚህ ላይ ላቁምና እናንተን ልስማ። ማይኩን መጀመሪያ ለማይስማማ ሰው ስጡልኝ።