አንገቱ ሲገተር እስኪነጋ አትጠብቁ

እንደምን ዋላችሁ ጎንደሮች! እናቶች፣ አባቶች፣ ከዩኒቨርሲቲው የመጣችሁ ተማሪዎችም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በጋው ገብቷል፣ አቧራውም ተነስቷል። ማጅራት ገትር የሚበረታው በዚህ ወቅት ነው፤ ከሴኔጋል ጀምሮ የሚዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ፣ በሽታው የሚበዛበት አካባቢ ማለት ነው፣ ደግሞ እኛው ሀገር ድረስ ይመጣል።

ሰውነታችን የራሱ መከላከያ አለው። በእንባችን፣ በምራቃችንና በንፍጣችን ውስጥ ላይሶዛይም የሚባል ኢንዛይም፣ ማለትም ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ አለ። ሳይንቲስቱ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1922 ነው ለዓለም ያሳወቀው። የባክቴሪያን ግድግዳ ይቆራርጣል። ግን ማጅራት ገትር የሚያመጡት ባክቴሪያዎች፣ ማኒንጎኮከስ፣ ኒሞኮከስና ሂብ፣ እንዲህ በቀላሉ እጅ አይሰጡም። እነሱም የራሳቸው ኢንዛይም አላቸው፤ አፍንጫና ጉሮሯችን ላይ የሚጠብቀንን ፀረ እንግዳ አካል ቆርጠው ይጥሉታል።

ደም ውስጥ ከገቡ ኮምፕሊመንት የሚባሉ ተከላካይ ፕሮቲኖች ይጠብቋቸዋል። አንዱ ኢንዛይም ሌላውን እየቀሰቀሰ፣ እየተቀባበሉ ሄደው በመጨረሻ የማኒንጎኮከስን ሽፋን ይበሱታል። ኮምፕሊመንት በተፈጥሮ የጎደላቸውን ሰዎች ይህ ባክቴሪያ ደጋግሞ ይይዛቸዋል፣ ጥቅሙን ከዚህ እዩት።

ጭንቁ ያለው አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን በከበበው ፈሳሽ ላይ ነው። እዚያ እነዚህ ተከላካዮች በጣም ጥቂት ስለሆኑ ባክቴሪያው እንደልቡ ይራባል። ነጭ የደም ሴሎች ዘግይተው ደርሰው ኢንዛይማቸውን ሲለቁት ደግሞ የሚጎዳው ባክቴሪያው ብቻ አይደለም፣ አንጎሉም አብሮ ይጎዳል፣ ያብጣል። ሐኪም አንዳንዴ ከአንቲባዮቲኩ ጋር ዴክሳሜታዞን የሚባል እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት የሚጨምረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ «ሰውነቱ ራሱ ያሸንፈዋል፣ ይደር» አትበሉ! ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ አንገት አልታጠፍ ማለት ካያችሁ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። ጨቅላ ልጅ አንገቱ ላይገተር ይችላል። ሳያለቅስ ቀና አድርጋችሁ ይዛችሁት እርግብግቢቱን በጣታችሁ ዳስሱት፤ ተወጥሮ ወደ ላይ ካበጠ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ይዛችሁት ሩጡ። ፀበሉንም መድኃኒቱን እየወሰደ ይጠጣል።

ሌላው፣ «ከወገቡ ውሃ ከተቀዳ ሽባ ይሆናል» እየተባለ ስንት ሰው ምርመራውን እምቢ ይላል። መርፌው የሚገባው ህብለ ሰረሰሩ ካበቃበት በታች ነው። የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ የሚታወቀው ከዚያ ውሃ ስለሆነ አትከልክሉ።

የኒሞኮከስና የሂብ ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል፣ በነፃ። ክትባቱ ፀረ እንግዳ አካሉን አስቀድሞ ያዘጋጃል። ዛሬ ቤት ስትገቡ የልጆቹን ካርድ አውጥታችሁ እዩ፤ ያመለጠው ካለ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰዱት።