ጳጉሜ 6 የት ገባች? ከኤዲተር ሳይወጡ በጊት ስለመሥራት የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁም፣ ከዶርም የመጣችሁም፣ በዚህ ዝናብ ታክሲ ተጋፍታችሁ ስለደረሳችሁ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «ከኤዲተር ሳይወጡ በጊት መሥራት» የሚል ነው። ኤዲተር ኮድ የምንጽፍበት ፕሮግራም ነው፤ ጊት ደግሞ የኮዱን ለውጥ ከነታሪኩ የሚመዘግብ። ወደ እሱ ከመግባቴ በፊት አንድ ጥፋት ልናዘዝ፤ አጥፊው ራሴ ነኝ።

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ አንድ የቆየ ኮድ እያጸዳሁ ነበር። የኪራይ ውል የሚያትም፣ ቀን በእኛ አቆጣጠር የሚያሰላ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ጳጉሜ 5 ቀን ትሁን 6 የሚወስን አንድ መስመር አለው፤ «ዓመቱ ላይ 1 ደምር፣ ለ4 አካፍል፣ ቀሪ ከሌለ 6 ቀን ነው» ይላል። አየሁትና ሳቅሁ። ይህን 1 ማን ነው የደነቀረው? ዓመቱ ራሱ ለ4 ሲካፈል አይደለም እንዴ! ሰረዝኩት፣ ኮሚት አደረግሁ (ለውጡን ከአጭር መልእክት ጋር ጊት ውስጥ መዘገብሁ ማለት ነው)፣ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ጳጉሜ መጣች። አምስቱ ቀናት በሰላም አለፉ። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ገንዘብ ተቀባይዋ ደወለች። «ወንድሜ፣ ኮምፒውተሩ ዛሬ የሚባል ቀን የለም ይለኛል» አለችኝ።

እናቴን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ቡናውን እየቆላች ትመልስልኝ ነበር። ጳጉሜ 6 የምትሆነው ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ነው። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ለ4 ብታካፍሉት 3 ይተርፋል። ያቺ 1 የተደመረችው ለዚህ ነበር።

አሁን ያን ጠዋት ኤዲተሬ ውስጥ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ የዛሬው ወሬዬ ያለው እዚያ ነው። እኔ የምጽፈው ቪም በሚባል ኤዲተር ነው። ቪም ላይ ደግሞ ፊዩጂቲቭ የሚባል ፕለጊን፣ ማለትም ጊትን ቪም ውስጥ የሚያስገባ ተጨማሪ መሣሪያ፣ ጭኛለሁ። ኮለን ብዬ «ጊት ብሌም» ጻፍሁ። መስኮቱ ለሁለት ተከፈለ፤ በቀኝ ኮዱ፣ በግራ ከእያንዳንዱ መስመር ትይዩ የኮሚቱ መለያ፣ የጻፈው ሰው ስምና ቀኑ። ከጳጉሜዋ መስመር ጎን የእኔ ስም ተቀምጧል፤ የሐምሌው ጉዴ ነው፣ እሱን አውቀዋለሁ። እዚያው መስመር ላይ ቆማችሁ ትልቁን ፒ ስትጫኑ ፕለጊኑ አንድ ኮሚት ወደ ኋላ ይሄድና ፋይሉ ከለውጡ በፊት የነበረውን መልክ ያሳያችኋል። ተጫንሁ። የሰረዝኳት 1 ተመልሳ ቁጭ አለች፣ ከጎኗ የአንድ ባልደረባዬ ስም። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ኮሚቱን ከፍቼ ሳየው ግን ልጁ የመስመሮቹን መነሻ ክፍተት ከማስተካከል በቀር ምንም አልነካም። (እንዲህ ያለውን ለመዝለል ብሌም ላይ ዳሽ ደብሊው መጨመር ይበቃል፤ የክፍተት ለውጥ አይቆጥርም። እኔ ረስቼው ነበር።) አንድ ጊዜ ደግሜ ፒ። አሁን እውነተኛው ጸሐፊ ወጣ። ቀኑን ወደ እኛ ስመልሰው 2012 ዓ.ም.፤ የኮሚቱ መልእክት አንዲት ቃል፦ «ማስተካከያ»። ጸሐፊው እኔ።

ከሦስት ዓመት በፊት ትክክለኛውን ስሌት አውቄ፣ ምክንያቱን ሳልጽፍ፣ ረስቼው፣ ተመልሼ በራሴ ላይ ሳቅሁ ማለት ነው። ሐምሌ ላይ ከመሰረዜ በፊት ብሌም ብዬ ባየው እንኳ የማገኘው «ማስተካከያ» የምትል ቃል ነበር። ታሪኩን አለማየቴ አንድ ጥፋት፣ የሚታይ ታሪክ አለመጻፌ ሁለተኛ ጥፋት። ፕለጊን ለምን ትጠቀማለህ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ መልሴ ይኸው ነው፤ ማየቱንም መጻፉንም ከጣቴ ሥር ያደርግልኛል። ሩቅ ከሆነ አላደርገውም፣ ራሴን አውቀዋለሁ።

ደግሞ ይህ ትእዛዝ «ብሌም» መባሉ አይገባኝም። ገና ከስሙ ወቀሳ ነው፤ ስንከፍተው ዓይናችን ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሰው ስም ነው፣ ጣታችንም ለመቀሰር ይዘጋጃል። እኔ ቡድናችን ውስጥ አዲስ ለሚገቡ ልጆች የምላቸው ስሙን በእጃችሁ ሸፍናችሁ መልእክቱን አንብቡ ነው።

ጊት ራሱ እንዴት እንደተፈጠረ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፤ በአጭሩ ልለፈው። የሊነክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ሠሪዎች ቢትኪፐር በሚባል የንግድ ሶፍትዌር በነጻ ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ነጻ ፈቃዱ ተነሣ። የሊነክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ሚያዝያ 3 ቀን መጻፍ ጀመረ፣ ሚያዝያ 7 ጊት የራሱን ኮድ በራሱ መመዝገብ ቻለ። የመጀመሪያው ኮሚት መልእክት ጊትን «ከገሃነም የመጣ የመረጃ አስተዳዳሪ» ይለዋል። በአራት ቀን ጥድፊያ መሀል እንኳ ከእኔ «ማስተካከያ» የተሻለ ጽፏል።

ፊዩጂቲቭን የጻፈው ቲም ፖፕ ነው። ስሙ ከሕግ የሸሸ ሰው ማለት ነው፤ በእኛ ሽፍታ ብንለው ያስኬዳል። ደራሲው ራሱ፣ ከጥሩነቱ የተነሣ በሕግ ሊከለከል ይገባ ነበር ብሎ ይቀልድበታል። ሥራው ግን ቀላል ነው፤ ቪም ውስጥ ኮለን ብላችሁ «ጊት» ካላችሁ በኋላ የምትጽፉት ማንኛውም የጊት ትእዛዝ ይሠራል። ስለዚህ ጊትን ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ያልተማረ ሰው በፕለጊኑ አይድንም። መጀመሪያ ኮሚትና ብራንች (የኮዱ ትይዩ ቅርንጫፍ) ምን እንደሆኑ ይግባችሁ፣ ከዚያ ወደዚህ ኑ።

«ጊት» ብላችሁ ምንም ሳትጨምሩ ኢንተር ስትሉ የሚከፈተው መስኮት ነው የፕለጊኑ ልብ። የተነኩ ፋይሎች ይዘረዘራሉ፤ ያልተመዘገቡ፣ የተቀየሩ፣ ለኮሚት የተዘጋጁ። አንዱ ላይ ቆማችሁ የእኩል ምልክቷን ስትነኩ ለውጡ እዚያው ሥሩ ይዘረጋል። ትንሿ ኤስ ለኮሚት ታዘጋጃለች፣ ትንሿ ዩ ትመልሳለች። አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ ፋይሉን በሙሉ ማዘጋጀት የለባችሁም። ከተዘረጋው ለውጥ ውስጥ ሁለት መስመር ብቻ መርጣችሁ ኤስ ብትሉ እነዚያ ሁለቱ ብቻ ይገባሉ።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ምስር ሲለቀም አይታችኋል። ሰፌዱ ላይ ተበትኖ፣ በጣት እየተገፋ፣ ጠጠሩ ወደ አንድ ጎን። ሳይለቀም ድስት የገባ ምስር የሚታወቀው ጥርስ ሲሰበር ነው። ተርሚናል ላይ «ጊት አድ ነጥብ» ብለን የተነካውን ሁሉ በአንዴ ለኮሚት የምናዘጋጅ ሰዎች የምናደርገው ያንን ነው፤ ከነጠጠሩ። ለሙከራ የጻፍናት የህትመት መስመር፣ ከማያስፈልገን ፋይል ጋር፣ አንዳንዴም ከይለፍ ቃል ጋር ድስት ውስጥ። የይለፍ ቃል አንዴ ኮሚት ከገባ በሚቀጥለው ኮሚት ቢሰረዝም ታሪኩ ውስጥ ይቀራል፤ መቀየር ያለበት የይለፍ ቃሉ ራሱ ነው። እኔ ይህን መስኮት ከለመድኩ ወዲህ እያንዳንዱን ለውጥ ሳላነብ አላሳልፍም፤ ጨዋ ስለሆንሁ ሳይሆን ለማሳለፍ የግድ ፊቴ መዘርጋት ስላለበት።

ትልቁ ኤክስ ለውጡን ይጥለዋል። አትደንግጡ፣ ከታች በኩል እንዴት እንደሚመለስ የሚናገር ትእዛዝ ይጽፍላችኋል። እሱን ሳታነቡ ግን አትሂዱ።

ሲ ሁለት ጊዜ ስትመቱ የኮሚት መልእክት መጻፊያው ይከፈታል። በመካከላቸው ቪ ካስገባችሁ፣ ማለትም ሲ፣ ቪ፣ ሲ፣ የምታስገቡት ለውጥ ከመልእክቱ ሥር ተዘርግቶ ይታያችኋል። እሱን እያዩ «ማስተካከያ» ብሎ መጻፍ ያሳፍራል። ቪም የመጀመሪያው መስመር ከ50 ሆሄ ሲያልፍ ቀለሙን ይቀይረዋል፤ እሱ አርዕስት ነው፣ ምክንያቱ አንድ መስመር ዘልላችሁ ከሥር ይገባል። በምን ቋንቋ? ይህን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ኮዱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ ምክንያቱ ከአገር ሕግ፣ ከዘመን አቆጣጠር ወይም ከደንበኛ ንግግር የመጣ ከሆነ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ። ዘመነ ሉቃስን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ከምታገል ጳጉሜን ራሷን ባሰላ ይሻለኛል። ጊት የአማርኛ መልእክት ያለ ችግር ይቀበላል።

የፋይል ስም ላይ ግን ያስቸግራችኋል። አንዱን ፋይል በፊደላችን ብትሰይሙት ተርሚናል ላይ ጊት ስሙን በቁጥር ይተፋዋል። «ሀ» ለብቻዋ 341፣ 210፣ 200 ሆና ትወጣለች፤ አንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ስለሚይዝ ነው። አጭር ስም እንኳ ረጅም ስልክ ቁጥር ይመስላል። መፍትሔው አንድ ጊዜ የሚደረግ ነው፦ ጊት ኮንፊግ ውስጥ «ኮር ነጥብ ኮትፓዝ» የሚባለውን «ፎልስ» ማድረግ። ሰነድ በአማርኛ የምትጽፉ ደግሞ፣ አራት ነጥብ ባስቀመጣችሁ ቁጥር መስመር ዝለሉ። ጊት የሚያወዳድረው በመስመር ነው፤ ሙሉውን አንቀጽ አንድ መስመር ካደረጋችሁት አንድ ቃል ስትቀይሩ አንቀጹ በሞላ ተቀየረ ይላችኋል።

አንድ የእኛ ብቻ የሆነ ችግር ደግሞ አለ። አማርኛ ኪቦርድ እንደበራ ረስታችሁ መስኮቱ ውስጥ ኤስ ስትጫኑ ለቪም የሚደርሰው «ስ» ነው። ቪም «ስ»ን አያውቃትም፤ ዝም ይላችኋል። ፕለጊኑ ተበላሸ ብላችሁ አራግፋችሁ እንዳትጭኑት፤ እኔ ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ።

መርጅ (ሁለት ብራንች ማዋሐድ) ሲጋጭ ምን እናድርግ የሚል ጥያቄ ቀድሞ በጽሑፍ ደርሶኛል። በፊዩጂቲቭ «ጂዲፍስፕሊት» ከቃለ አጋኖ ጋር ስትሉ ሦስት መስኮት ጎን ለጎን ይከፈታል፤ በግራ የእናንተ፣ በቀኝ የመጣው፣ መሀል የሚጠናቀቀው ፋይል። መሀል ላይ ቆማችሁ ከግራ ወይም ከቀኝ ትወስዳላችሁ። ሪቤዝ (ኮሚቶችን በሌላ ብራንች ጫፍ ላይ መልሶ መደርደር) ላይ ስትሆኑ ግን ጎኖቹ ይገለበጣሉ፣ ተጠንቀቁ። ቀሪውን በሠርቶ ማሳያው እናየዋለን።

ቪም የማትጠቀሙ እጃችሁን ስታነሡ አያለሁ፤ አብዛኞቻችሁ ናችሁ። ለዚህ ብላችሁ ኤዲተር አትቀይሩ። ኢማክስ በሚባለው ኤዲተር ላይ ማጊት የሚባል የጊት ፕለጊን አለ፣ እንዲያውም በአንዳንድ ነገር ከፊዩጂቲቭ ይበልጣል፤ ይህን ስል የቪም ወዳጆቼ ይቅር ይበሉኝ። ቪኤስ ኮድ ውስጥ ያለው የጊት ገጽም የተመረጡ መስመሮችን ብቻ ለይቶ ማዘጋጀት ይችላል። ቪምን ለሚያውቅ ግን አንድ ነገር ልበል። ፈጣሪው ሆላንዳዊው ብራም ሙለናር እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ዐረፈ። ለሶፍትዌሩ ዋጋ አልጠየቀም፤ ከወደዳችሁት በኡጋንዳ ኪባሌ ላሉ ሕፃናት እርዱ አለ፣ እሱም እዚያ ሄዶ በፈቃደኝነት አገልግሏል። ቪምን ባዶውን ስትከፍቱ የምትታየውን የኡጋንዳ መስመር ሁላችንም እናልፋታለን። ዛሬ ማታ አንብቧት።

ወደ ጳጉሜ ልመለስና መብራቱን እናጥፋ። 1ዷን መልሼ ስደምር የጻፍሁት መልእክት ይህ ነበር፦ «ጳጉሜ 6 ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ናት፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል። 1 የተደመረው ለዚህ ነው። ከመሰረዝህ በፊት እናትህን ጠይቅ።» የምትቀጥለዋ ጳጉሜ 6 በ2019 ናት። ያን ጠዋት ስልኬ ክፍት ነው።

እሺ፣ ከኋላ ያላችሁ፣ ጽሑፉ ይታያል? ፎንቱን ልጨምር። ኮለን፣ ጊት፣ ኢንተር።