የመኪናውን ስም ተዉት፣ የዕቃውን ቁጥር ፈልጉ

ጤና ይስጥልኝ! ለአሮጌ መኪናው መለዋወጫ ሲፈልግ «ይሄ ዕቃ እኮ ድሮ ቀርቷል፣ አይገኝም» የሚለው መልስ ያልሰለቸው ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። የቮልስ ባለቤቶች ትንሽ ታገሱን። የእናንተ መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተና እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ድረስ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረ ስለሆነ ዕቃው እንደ ልብ ነው። እኔ የማወራው ለሌሎቻችን ነው።

የመኪናውን ስም ይዛችሁ ከመዞራችሁ በፊት ዕቃውን ፍቱት፣ አጽዱት፣ በደንብ እዩት። መኪና አምራቾች ሁሉንም ነገር ራሳቸው አይሠሩም። ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ከሶሌክስ ወይም ከዌበር፣ ኤሌክትሪኩን ከቦሽ ወይም ከሉካስ እየገዙ ይገጥሙ ነበር። ስለዚህ እናንተ ያጣችሁት ዕቃ ሌላ መኪና ላይ ተገጥሞ ሊገኝ ይችላል።

ኩሽኔታን፣ ማለትም ዘንግ ያለችግር እንዲሽከረከር የሚይዘውን ባለ ኳስ ቀለበት፣ እንውሰድ። ቅባቱን በጨርቅ ስትጠርጉት ጠርዙ ላይ 6204 የሚል ቁጥር አገኛችሁ እንበል። የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በ5 አባዙ፣ 20 ይመጣል፤ የውስጥ ቀዳዳው 20 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። የውጭው 47፣ ውፍረቱ 14። ይህ ልክ የትም አገር አንድ ነው፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥም ቢገባ ያው ነው። «የ1950ዎቹ መኪና ኩሽኔታ አለህ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁት ሻጩ ይስቅባችኋል፣ «6204 ስጠኝ» ካላችሁት ግን ከመደርደሪያ አንስቶ ይሰጣችኋል። ከቁጥሩ ኋላ ያሉትን ፊደሎችም አትዝለሉ፤ ሲ3 (C3) የሚል ካለበት በኳሶቹና በቀለበቶቹ መካከል ያለው የውስጥ ክፍተት ሰፋ ያለ ነው። ቁጥሩ ተፍቆ ከጠፋ በካሊፐር፣ ውፍረትና ቀዳዳ በሚለካው መሣሪያ፣ ለኩት። ዘይት ማገጃ ጎማም እንዲሁ በልኬት ይገዛል።

ጎማ ካነሳን አይቀር፣ ከነካርቶኑ የቆየ የድሮ የፍሬን ጎማ ሲያገኝ የሚፈነድቅ ሰው አለ። እኔ በነጻ ቢሰጡኝም አልገጥመውም። ጎማ ሳይሠራበትም ቁጭ ብሎ ያረጃል፣ ይሰነጠቃል። የፍሬን ሸራ ካለቀ ግን ብረቱን እስካልጣላችሁት ድረስ አዲስ ሸራ ይለጠፍበታል።

ጭራሽ ያልተገኘውን ማሠራት ነው። ፖርሸ እንኳ 292 ብቻ ለተሠራው 959 መኪናው የፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚለያየው ክፍል) መልቀቂያ ማንሻ በ3ዲ ፕሪንተር ማተም እንደጀመረ እ.ኤ.አ. በ2018 አስታውቋል። ብረት ቀርጾ ዕቃ የሚሠራበት ቶርኖ ቤት ስትሄዱ ታዲያ ናሙናውን ጥላችሁ አትምጡ፤ የተበላ ዕቃ ከሰጣችሁ የተበላውን ልክ ነው የሚቀዱላችሁ። ያልተበላውን ቦታ አሳዩ፣ የሚገጥምበትንም አካል ይዛችሁ ሂዱ። ከምን ብረት እንደሚሠራም ጠይቁ። መሪና ፍሬን ላይ በግምት የሚሠራ ነገር የለም፣ እዚህ ላይ አልደራደርም።

አሮጌውን ደግሞ አዲሱ ተገጥሞ መኪናው እስኪሄድ ድረስ አትጣሉ።

እንግዲህ ምንነቱ የጠፋባችሁን ዕቃ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ጠረጴዛው ላይ አውጡት፣ ካሊፐር ይዣለሁ።