ሕመሙ ሲረሳ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የተከበራችሁ የፈረስ ባለቤቶች፤

ጠረጴዛው ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ ሰኮና አስቀምጫለሁ። በሰኮናው ግድግዳና በውስጠኛው አጥንት መካከል እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ስስ ሥጋዎች አሉ። የፈረሱ ክብደት የተንጠለጠለው በእነርሱ ላይ ነው። ላሚናይትስ የምንለው የእነርሱን መቆጣትና መላቀቅ ነው። ፈረሱ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ሰድዶ፣ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይቆማል፤ ሰኮናው ይግላል፤ ዙር ሲሉት እምቢ ይላል።

ያን ጊዜ እጃችን ፊኒልቡታዞን የተባለውን የሕመምና የብግነት ማስታገሻ ፍለጋ ይሮጣል። አልፈርድም፤ የእኔም እጅ ወደዚያው ነው። የተለመደው መጠን ለ1 ኪሎ ክብደት ከ2.2 እስከ 4.4 ሚሊግራም ነው፤ የዚያው ዓይነት መድኃኒት የሆነው ፍሉኒክሲን ከሆነ 1.1። ሁለቱም ብግነትና ሕመም የሚያስነሣው የሰውነት ንጥረ ነገር፣ ፕሮስታግላንዲን፣ እንዳይመረት ያግዳሉ፤ ብግነቱም ሕመሙም ይበርዳል። ነገር ግን ጨጓራን ከቁስለት የሚጠብቀው፣ የኩላሊትንም የደም ዝውውር የሚደግፈው ያው ፕሮስታግላንዲን ነው። አንዱ አልሠራ ሲል ሌላውን መደረብ እግሩን አያድንም፤ ጨጓራና ትልቁን አንጀት ግን ያቆስላል። ሰውነቱ ውኃ ባጣ ፈረስ ላይ ደግሞ ኩላሊቱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ መድኃኒቱ ሲሠራ ነው። በማግስቱ ፈረሱ ቀና ብሎ ይራመዳል፤ ባለቤቱ ደስ ብሎት ከጋጣው ያወጣዋል። የተላቀቀው ሥጋ ግን በአንድ ሌሊት አልተጣበቀም። ፈረሱን አላንቀሳቅስ ብሎ ይጠብቀው የነበረውን ሕመም እኛው አንስተንለት፣ በየእርምጃው ሥጋው ይቀደዳል፤ አጥንቱም ወደ ሰኮናው መርገጫ ያዘቀዝቃል። ስለዚህ ከመርፌው ጋር ወፍራም ለስላሳ ጉዝጓዝ እዘዙ፤ ሽርሽሩንም ከልክሉ።

እህል ሰብሮ ገብቶ የጠገበ ፈረስ ወይም የእንግዴ ልጅ የቀረባት ባዝራ ሲገጥማችሁ፣ ላሚናይትስ ሊከተል ስለሚችል ማንከሱን አትጠብቁ። እግሩን ሰኮናውን ጨምሮ በበረዶ ውኃ ንከሩት፤ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ሳይቋረጥ። አድካሚ ነው፤ በረዶ የሚቀይር ሰው ሌሊትም ያስፈልጋል።

አንገቱ የደነደነ ወፍራም ፈረስ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሽታውን የሚያመጣበት በደሙ ውስጥ የበዛው ኢንሱሊን ነው። በ2007 በታተመ ጥናት ጤነኛ ድንክ ፈረሶች ኢንሱሊን በደማቸው ሲንቆረቆርላቸው በ72 ሰዓት ውስጥ ታመዋል። እንዲህ ላለው ፊኒልቡታዞን ሕመም ማስታገሻ ብቻ ነው፤ ሕክምናው ያለው መኖው ላይ ነው። ኮርቲኮስቴሮይድ የሚባለው ሌላው የብግነት መድኃኒትማ ኢንሱሊኑን ሊያባብስ ይችላል።

አሁን ቀረብ በሉና ሰኮናውን በጣታችሁ ዳስሱት። የአጥንቱ ጫፍ ከመርገጫው ምን ያህል እንደሚርቅ ተመልከቱ።