ከአካ የወሰድኳቸው አምስት ቃሎች

እህቶቼ እንደምን ዋላችሁ፣ እሁዳችሁን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ፣ እሁድ ቤይሩት ላለች ሰራተኛ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ጽፌ ነው የመጣሁት፣ ይሄን ነገር ሳወራ እንባ ስለሚቀድመኝ።

ማወራችሁ አንድ ኪችን ውስጥ አራት አመት አብራኝ ስለሰራች የሲሪላንካ ሴት ነው። እዚህ አገር "ሲሪላንኪያ" ሲሉ ሰራተኛ ማለታቸው እንደሆነ ሁላችሁም ሰምታችኋል፣ ሀበሻዋንም ፊሊፒኗንም በዛው ስም ይጠሯታል፣ ከኛ በፊት በብዛት የመጡት እነሱ ስለሆኑ ነው። የኔዋ ግን እውነተኛዋ ናት፣ ካንዲ ከሚባል ከተማ አጠገብ ካለ መንደር የመጣች፣ ሁለት ልጆች ያሳደገች የቡድሃ አማኝ። አካ ነበር ምላት፣ በነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው፣ እሷ ደግሞ ናንጊ ትለኛለች፣ ታናሽ እህት።

አካ ጠዋት ማዳም ሳትነሳ ልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ትቆምና እጇን አገናኝታ ቀስ ብላ አምስት መስመር ትላለች። ፓሊ በሚባል በጣም የድሮ ቋንቋ ነው። እኔ ጸሎት መስሎኝ ዝም እላት ነበር፣ በኋላ ስጠይቃት ቃል መግባት ነው አለችኝ፣ ፓንሲል ይባላል፤ ነፍስ አላጠፋም፣ ያልተሰጠኝን አልወስድም፣ በዝሙት ሰው አልበድልም፣ አልዋሽም፣ የሚያሰክር ነገር አልወስድም።

እኛ ስለት ስንሳል እኮ "ይሄን ካደረግክልኝ ይሄን አስገባለሁ" ብለን ነው። እነሱ ጋ "ካደረግክልኝ" የሚባል የለም፣ ማንም ምንም አይሰጥሽም። እያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ "ሲካፓዳም ሳማዲያሚ" ይላል፣ ይቺን የመማሪያ እርምጃ በራሴ ላይ ወስጃለሁ እንደማለት ነው። መማሪያ ነው ያለችኝ፣ ስለዚህ ትናንት ካፈረሰችው ዛሬ ጠዋት እንደገና ትወስደዋለች፣ እኔን ልቤን የነካኝ ይሄ ነው፣ አንዴ ከወደቅሽ አበቃልሽ የሚል ነገር በጣም ስለሚያስፈራኝ።

አገራቸው ላይ ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበት ቀን ሁሉ ፖያ ይባላል፣ የመንግስት በዓል ነው፣ መጠጥ አይሸጥም፣ ስጋ ቤት ይዘጋል፣ ሰው ነጭ ለብሶ ቤተ መቅደስ ይውላል፣ ነጠላዋን አጣፍታ የምትሄድ እናታችሁን አስቡ። በዛ ቀን አምስቱን ስምንት የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፣ ከተጨመሩት አንዱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ አለመብላት ነው። ሁዳዴ ላይ ፖያ ሲገጥም እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም፣ እሷ ከስድስት በኋላ አትበላም፣ አብረን የምንቀመጥበት ሰዓት አልነበረንም። ግን ድርሻዬን ከድና ታስቀምጥልኝ ነበር።

ኪችን ውስጥ በረሮ ስታይ በኩባያ ትከድንና ከስሩ ወረቀት አስገብታ በረንዳ ላይ ታወጣዋለች፣ እኔ ጫማ ይዤ ስሮጥ። መጀመሪያ ተናድጄባታለሁ። ከዛ ሳያት አትገድልም ስለዚህ እንዳይመጣ ነው የምትለፋው፣ ስኳሩ ይከደናል፣ ቱቦው ስር ያለው ቀዳዳ ይደፈናል፣ ማታ አንድ ፍርፋሪ አያድርም። ስጋ ግን ትሰራ ነበር፣ እንዴት ብላት አልገድልም ነው ያልኩት አለችኝ፣ የማይበሉም ብዙ አሉ፣ እሱ የየሰዉ ነው።

ሁለተኛው ቃል ነው የከበደኝ። "አልሰርቅም" ቢሆን ቀላል ነው፣ ሌባ አይደለሁማ። "ያልተሰጠኝን አልወስድም" ግን ሌላ ነው። በፈረንጆቹ 2020 ሊራው ሲወድቅ ስንቶቻችን ደሞዝ እንደቀረብን ታስታውሳላችሁ፣ ዶላር የለም እየተባለ፣ ስንቷም ሻንጣዋ ቆንስላው በር ላይ ተጣለ። የኔ ሶስት ወር ሳይከፈል አንድ ቀን ማዳም መኝታ ቤት ሳጸዳ መሳቢያው ተከፍቶ ዶላር አየሁ። እጄ ገብቷል እውነቴን ነው። ደሞዜ ነው እኮ፣ የላቤ ነው። ለአካ ስነግራት አልተቆጣችኝም፣ "ያንቺ ነው፣ ግን ገና አልሰጠችሽም፣ ጠይቂያት" አለችኝ። አካ ራሷ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ማዳም ፊት ቆማ ደሞዜን ትላለች፣ ካልተሰጣት በማግስቱም ትላለች። ይሄን የምነግራችሁ ቃል መያዝ ማለት አንገት መድፋት ነው የሚል ካለ እኔ ያየሁት እንደዛ እንዳልሆነ እንድታውቁልኝ ነው። እኔም መጠየቅ ጀመርኩ፣ ከሶስቱ የሁለቱን ሰጠችኝ፣ አንዱ እስካሁን ቀርቶብኛል።

ሶስተኛውን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ አላረዝምባችሁም። አምስተኛው ብቻውን ምክንያት ተጽፎበታል፣ መጠጥ የመዘናጋት በር ስለሆነ ይላል፣ አራቱን የሚያስረሳ እሱ ነው ትላለች አካ።

አሁን ወደመጣሁበት። አራተኛው፣ አልዋሽም።

ማዳም ስልክ ሲጮህ "የለችም በያት" ትለናለች አይደል፣ አካ "ማዳም አሁን አታናግርም" ነበር የምትለው፣ ተሰድባበታለች። እኔ ይሄ ምን ይጠቅማል እል ነበር። ግን እኔ በየሳምንቱ በኢሞ ወደ ቤት ስደውል የምለውን ታውቁታላችሁ፣ ሁላችንም አንድ አይነት ነው የምንለው፣ ደህና ነኝ፣ ተመችቶኛል፣ አታስቡ። ማዳም ሳሎን ሶፋው ላይ ፎቶ ተነስቼ እልካለሁ። ታናሽ እህቴ አስራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሰች እኔም ልምጣ አለች፣ ለደላላው ብር ተሰብስቦ ነበር። ያንን ብር የሰበሰበው የኔ ፎቶ ነው።

አካ "ናንጊ፣ ሶፋው ያንቺ ነው?" ብቻ ነው ያለችኝ። ደግሞ እውነት መናገርም መንገድ አለው፣ እውነት ይሁን፣ የሚጠቅም ይሁን፣ ሰዓቱም ይሁን፣ ቡድሃ እንደዛ ነው ያስተማረው አለችኝ። ስለዚህ እናቴ ስልኩ አጠገብ የሌለችበትን ሰዓት ጠበቅኩና ለእህቴ ቮይስ ቀዳሁላት፣ አራቴ አጥፍቼ በአምስተኛው ነው የላክሁት፤ የምተኛው ኪችን ውስጥ ነው፣ ፓስፖርቴ ማዳም ጋ ነው፣ ደሞዝ ከቀረብኝ ሶስት ወር ሆኖኛል።

ሁለት ሳምንት አልመለሰችልኝም። ከዛ "አንቺ በልተሽ እኔን ከለከልሽኝ" አለችኝ። ቀረች፣ አሁን ደሴ ሱቅ ተቀጥራ ትሰራለች፣ ደሞዟ ትንሽ ነው፣ አንዳንዴ ትወቅሰኛለች፣ ሌሊት ሌሊት ልክ ይሆን እንዴ ያደረግኩት እላለሁ። ግን ድምጼን ስሰማው አላፍርበትም፣ ከዛ በፊት የላክኋቸውን ሁሉ አፍርባቸዋለሁ።

ሃይማኖት ቀየርሽ ወይ የሚለኝ አለ፣ ማተቤ ይኸው አንገቴ ላይ ነው፣ አካም ቀይሪ ብላኝ አታውቅም። አገሯ ከገባች ሶስት አመት ሆናት፣ በየፖያው ከምሳ በፊት ትደውልልኛለች፣ የትኛው ፈረሰብሽ ትለኛለች፣ እነግራታለሁ፣ ብዙ ጊዜ አራተኛው ነው።

ዛሬ ወደ ቤት የምትደውሉ ካላችሁ፣ በተለይ እመጣለሁ የምትል እህት ያለቻችሁ፣ እኔ እስከ ማታ እዚሁ ነኝ። ብቻዬን ከበደኝ የምትል ትምጣና አጠገቤ ተቀምጣ ትቅዳ።