ጉሬዛው አይነግረንም

እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ይህን ክፍል ለመቅዳት ከወር በላይ አመንትቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ ስለ በሽታ ማይክ ፊት ማውራት ደግሞ ኃላፊነት አለው። ግን ዝም ማለቱም ከበደኝ።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ኅዳር 12፣ 2018። ደቡብ ኦሞ፣ ጂንካ ላይ ማርበርግ የሚባለው የቫይረስ በሽታ መገኘቱ ከተረጋገጠ ገና ሳምንቱ ነው። ኅዳር ሲታጠን ስለሆነ ሰፈራችን በጭስ ታፍኗል፣ መስኮት ዘግቼ ተቀምጫለሁ። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ፣ ከጎፋ ደወሉ። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ "ስሚ ልጄ፣ ይሄ በሽታ ከጦጣ ነው የመጣው እያሉ ነው፣ እውነት ነው ወይ? እዚህ ልጆቹ ጦጣ ባዩ ቁጥር ድንጋይ ያነሳሉ" አሉኝ።

የማውቀውን ነገርኳቸው። ማርበርግ የጀርመን ከተማ ስም ነው። በ1967፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትደናገሩ)፣ ከኡጋንዳ ለቤተ ሙከራ የሚሆኑ ጦጣዎች በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ተላኩ። እኛ አገር መንገድ ዳር የምናያት የጦጣ ዓይነት ናቸው። ማርበርግ፣ ፍራንክፈርትና ቤልግሬድ ውስጥ የጦጣዎቹን ደምና ኩላሊት የነኩ ሠራተኞች ታመሙ፣ ከነሱም ወደሌላ ሰው ተሻገረ። 31 ሰው ታሞ 7ቱ ሞተ። በጊዜው ጥፋቱ ሁሉ ጦጣዎቹ ላይ ተላከከ። ቫይረሱን ሳይታመም ተሸክሞት የሚኖረው ግን ዋሻ ውስጥ የሚያድር፣ ፍራፍሬ የሚበላ የሌሊት ወፍ መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ጦጣዎቹ እንደሰዎቹ በበሽታው የተያዙ ነበሩ። ጋሼ "እንዲያ ነው?" አሉ፣ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ ብለው ዘጉ።

እኔን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ምክንያቱም እዚያው ኦሞ ሸለቆ ውስጥ፣ እውነትም በጦጣና በጉሬዛ መሐል የሚኖር ቫይረስ አንድ ጊዜ ሕዝብ ጨርሷል። ጋሼ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበሩ። ስለ እሱ አንድም ቃል አላነሱም።

ስለ ቢጫ ወባ ነው የማወራው።

ከ1960 እስከ 1962፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ወንዝ ግራና ቀኝ፣ 100,000 ያህል ሰው ታሞ 30,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። በአካባቢው ይኖር የነበረው ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው። ከአሥር ሰው አንዱ ታመመ ማለት ነው። በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ትልቁ እየተባለ የሚጠቀሰው ይሄ የኛው ነው።

እኔ ይህን ያወቅኩት ሠላሳ አምስት ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ይሄ ነው የቆጨኝ። የኅዳር በሽታ የገባው በ1918 ነው፣ መቶ ዓመት አልፎታል፣ ግን ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻችንን አውጥተን እናቃጥላለን፣ ለምን እንደሚታጠን የማያውቅ ልጅ እንኳ ጭሱን ያውቀዋል። ለነዚያ 30,000 ሰዎች ግን ምን አለ? ጭስ የለም፣ ቀን የለም። ስም እንኳ በቅጡ የለም።

አያቴ ትነግረኝ የነበረ አንድ ነገር አለ። ሁለት ወንድሞቿን በአንድ ዓመት ቀብራለች። "ምን ገደላቸው?" ስላት "በሽታ ነዋ" ትለኛለች። "ትኩሳት ያዛቸው፣ ተሻላቸው ብለን ደስ አለን፣ ከዚያ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፣ ጥቁር ነገር አስመለሳቸው፣ በቃ።" በልጅነቴ እንደ ተረት ነበር የምሰማው። አሁን ስለ በሽታው ሳነብ አያቴ ምንም ሳታዛንፍ እንደነገረችኝ ገባኝ። መጀመሪያ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የወገብ ሕመም አለ። ከዚያ በሽተኛው ይሻለዋል፣ አብዛኛው ሰውም በዚያው ይድናል። ጥቂቱን ግን በአንድ ቀን ውስጥ መልሶ ይይዘዋል። ጉበት ይጎዳል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ደም ይፈሳል፣ ጨጓራ ውስጥ የፈሰሰው ደም ጥቁር ሆኖ በትውከት ይወጣል። እዚህ ከደረሱት ግማሽ ያህሉ በሰባትና በአሥር ቀን ውስጥ ይሞታሉ። "ተሻላቸው ብለን ደስ አለን" ያለችው እሷን ሳስብ ሆዴ ይላወሳል።

አሁን ወደ አያቴ ጓሮ ልውሰዳችሁ፣ ምክንያቱም ታሪኩ እዚያ ያልፋል። ጓሮዋ እንሰት ነው፣ ጥግ ጥጉ ላይ ጎደሬ አለ። የእንሰት ቅጠል ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ ብብቱ በሉት፣ ዝናብ ያቁራል። ልጆች ሆነን ቅጠሉን ዘንበል እያደረግን ውሃውን እንረጫጭ ነበር። ውሃው ውስጥ ጥቃቅን ትል የሚመስሉ ነገሮች ይወራጫሉ፣ እንስቃለን። የትንኝ እጭ ናቸው። ያኔ ወረርሽኙን ያጠኑት ተመራማሪዎች፣ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ "ፓስተር" የምንለው ቦታ ይሠሩ የነበሩትን ጨምሮ፣ በሽታውን ከሰው ወደ ሰው ካዳረሱት ዋና ዋና ትንኞች አንዷ እንሰትና ጎደሬ ብብት ውስጥ የምትፈለፈል መሆኗን ደረሱበት።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ጫካ ውስጥ፣ ዛፉ አናት ላይ፣ ቫይረሱ ከጦጣ ወደ ትንኝ፣ ከትንኝ ወደ ጦጣ ሲዞር ይኖራል። ጉሬዛ ከዛፍ ብዙ አይወርድም፣ ስለዚህ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል። አንድ ቀን ግን ማር ሊቆርጥ፣ እንጨት ሊለቅም ወይም ቡና ሊለቅም የገባን ሰው ትንኝ ትነድፈዋለች። ሰውየው ቤቱ ይገባል። ቤቱ በእንሰት ተከቧል። የእንሰቷ ትንኝ እሱን ነድፋ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ጎረቤቱን ትነድፋለች። ከዚያ በኋላ ቫይረሱ ጉሬዛም ጫካም አያስፈልገውም።

እንሰቱን ነቅላችሁ ጣሉ ማለቴ አይደለም፣ እግዜር ያሳያችሁ። ያን ሁሉ ሕዝብ ከረሃብ ያተረፈ ተክል ነው።

ስለ ስም ተናግሬ ነበር፣ ልመለስበት። "ቢጫ ወባ" የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል ብዬ አምናለሁ። ወባ የሚለውን የሰማ ሰው ኮአርተም ያስባል፣ አጎበር ያስባል። ወባ ሌላ ነው፣ በሌላ ትንኝ የሚመጣ፣ መድኃኒት ያለው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ይሄ ቫይረስ ነው። ትንኟ ቀን ነው የምትናደፈው፣ ለሊት አጎበር ውስጥ መተኛት ብቻውን አያስጥልም፣ ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒትም የለም። ሌላው ደግሞ ዓይኑ ቢጫ የሆነን ሰው ሁሉ "የወፍ በሽታ ነው" ብለን ባህል መድኃኒት ፍለጋ እንሄዳለን። በሁለቱ ስሞች መሐል ስንት ቀን እንደሚባክን አስቡት።

የዝንጀሮ ፈንጣጣ የምንለውም ያው ነው። በ1958 ኮፐንሃገን ቤተ ሙከራ ውስጥ ከእስያ የመጡ ጦጣዎች ላይ ስለታየ የጦጣ ስም ተሰጠው። ሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1970 ነው፣ ዴሞክራቲክ ኮንጎ ውስጥ፣ የዘጠኝ ወር ሕፃን ላይ። ቫይረሱ የሚኖረው ደግሞ እንደ ሽኮኮና አይጥ ባሉ እንስሳት ውስጥ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ነው የሚታመነው። እኛ ወደ አማርኛ ስንመልሰው ጭራሽ ዝንጀሮ አደረግነው፣ ዝንጀሮ በታሪኩ ውስጥ የለችበትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ኤምፖክስ ብሎ ቀይሮታል። በ2025 ሞያሌ ላይ ሲገኝ ግን ብዙ ሰው ያወራው በድሮው ስም ነው። ስም ድንጋይ ያስነሳል፣ ጋሼ እንዳሉት።

ብራዚል ይሄንኑ አይታለች። ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ቢጫ ወባ በደቡብ ምሥራቅ ብራዚል ጫካዎች ገባ። እዚያ ጯሂ ጦጣ የሚሏቸው አሉ፣ ድምፃቸው ኪሎ ሜትሮች ድረስ ይሰማል። በሺህ የሚቆጠሩት አለቁ፣ የጫካው አጠገብ ነዋሪዎች ጠዋት ጠዋት የለመዱትን ጩኸት አጡት። ወርቃማ ጎፈር ያላቸው ትናንሽ ጦጣዎች አሉ፣ የአገሪቱ ኩራት ናቸው፣ እነሱም ከ3,700 ገደማ ወደ 2,500 ወረዱ። ሰው ደግሞ ፈርቶ ጦጣ በዱላና በመርዝ መግደል ጀመረ። ጦጣ ግን ቢጫ ወባን ለሰው በቀጥታ አታስተላልፍም፣ ትንኝ መሐል መግባት አለባት። የሞቱት ጦጣዎች "ቫይረሱ እዚህ ደርሷል፣ ተከተቡ" የሚል ምልክት ነበሩ። ጤና ሠራተኞቹ የሞተ ጦጣ የተገኘበትን ቦታ እየተከተሉ ክትባት የሚሰጡትም ለዚህ ነው። በኋላማ ለትናንሾቹ ወርቃማ ጦጣዎችም ክትባት ተጀመረላቸው።

እዚህ ላይ ነው እኔን ያስደነገጠኝ ነገር። የኛዎቹ አይሞቱም። ቫይረሱ የአፍሪካ ነው፣ ከአፍሪካ ጦጣዎች ጋር እጅግ ረጅም ዘመን አብሮ ኖሯል፣ ስለዚህ ይይዛቸዋል፣ በአመዛኙ ግን ሳያሳምማቸው ያልፋል። አሜሪካ የገባው በባሪያ ንግድ መርከቦች ነው፣ የዚያ አገር ጦጣዎች አያውቁትም፣ ስለዚህ ይጨርሳቸዋል። ብራዚላዊው ገበሬ የጫካው ዝምታ ይነግረዋል። ጎፋ ላይ ግን ጉሬዛው ነጭና ጥቁር ፀጉሩን አንጠልጥሎ፣ ቅጠሉን እየበላ፣ ቫይረሱ በደሙ እየዞረ፣ ደህና ሆኖ ይታያል። እኛ ጋ መጀመሪያ የሚወድቀው ሰው ነው።

ደግሞ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2013 ደቡብ ኦሞ፣ በ2018 ወላይታ፣ በ2020 ጉራጌ። ወላይታንና ጉራጌን ስትሰሙ እንሰት ትዝ አላላችሁም?

ክትባቱ አለ። አንዴ ከተወጉት ለአብዛኛው ሰው ዕድሜ ልክ ይበቃል። የመጣበትን መንገድ ሳነብ ስሜት ውስጥ ገባሁ። በ1927 ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች አሲቢ ከሚባል የታመመ ጋናዊ ደም ወሰዱ፣ ከሕንድ ለመጣች ጦጣ ሰጧት፣ የእስያ ጦጣ ናትና ታመመች። በሽታውን ቤተ ሙከራ ውስጥ ማጥናት የተቻለው ከዚያ በኋላ ነው። ከሥራው መሪዎች አንዱ አድሪያን ስቶክስ በዚያው ዓመት በዚሁ በሽታ ሞተ። አሲቢ ዳነ። ማክስ ታይለር በ1937 ይፋ ያደረገው፣ በኋላም ኖቤል ያሸለመው ክትባት የመጣው ከአሲቢ ደም ከተገኘው ቫይረስ ነው። ዛሬ የምንወጋው የዚያው ዘር ነው።

እኔ ተወግቻለሁ። ለምን? ለጉዞ። ከስድስት ዓመት በፊት ወደ አንድ አገር ስሄድ ቢጫ ካርድ ካልያዝሽ አትገቢም ተባልኩ፣ ግማሽ ቀን ተሰልፌ ተወጋሁ። እኔ ቦሌ የምኖር፣ ጓሮዬ እንሰት የሌለኝ። እኔን ያስከተበኝ የሰው አገር ሕግ ነው። ጋሼን፣ እዚያ በእንሰቱ መሐል የሚኖሩትን፣ ተከትበው እንደሆነ እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር ቶሎ ልበልና ልጨርስ። በሽታ ከነሱ ወደኛ ብቻ አይመጣም። ኮትዲቯር ታይ ጫካ ውስጥ ቺምፓንዚዎች በተደጋጋሚ በሳንባ ሕመም ሞተዋል፣ ሲመረመር የኛ የተራ ጉንፋን ዓይነት ቫይረሶች ናቸው። ኮንጎ ብራዛቪል ውስጥ ኢቦላ በሺህ የሚቆጠሩ ጎሪላዎች ፈጅቷል። ስሜን ተራሮች ሄዳችሁ ጭላዳ መሐል ፎቶ የምትነሱ፣ እባካችሁ ጉንፋን ይዟችሁ ከሆነ ራቅ በሉ።

ባለፈው እሑድ ጋሼ ጋ ደወልኩ። ተከትበው እንደሆነ ጠየቅኳቸው፣ "ለዚህ ማን ጠርቶን" አሉ። ከዚያ ስለ አያቴ ወንድሞች አነሳሁ። ያኔ ሰዉ በሽታውን በጎፍኛ ምን ብሎ ይጠራው እንደነበር ጠየቅኩ። ብዙ ዝም አሉ። "እናታችን የምትለው አንድ ቃል ነበረ፣ ከአፌ ጠፋብኝ፣ ሽማግሌዎቹን ጠይቄ እደውልልሻለሁ" አሉኝ።

እናንተም ቤታችሁ ከፋ፣ ጎፋ፣ ወላይታ፣ ዳውሮ፣ ጉራጌ የሆናችሁ፣ ያን ዘመን የሚያስታውስ ትልቅ ሰው ካላችሁ ጠይቁልኝ። ምን ብለው ነበር የሚጠሩት? በድምፅ ቀድታችሁ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ። ጋሼ እስካሁን አልደወሉም፣ እየጠበቅኩ ነው። ደህና ሰንብቱ።